አንባብያን ይጠይቃሉ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ይመልሳል፦ ርእሰ መስተዳድሩ የማን እንደራሴ ነው?

ባለፈው እትም ስለ ወረዳ አስተዳደር ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ ላይ ያንጋጠጡ ናቸው። ጥያቄያቸው ስለ ክልል መሪው ነው፦ ማን ይሾመዋል፣ ማን ይሽረዋል፣ ምን ማድረግ ይችላል፣ ድሮስ እንዴት ነበር። ከመካከላቸው አምስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባብያን ያህል፣ እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ከ1964 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ መጀመሪያ ደሴ፣ ኋላም ባሕር ዳር በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ሦስት መንግሥታት ሲለዋወጡ ደብዳቤዎቻቸውን መዝግቤ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ፋይል ውስጥ አስቀምጫለሁ። የማውቀውን ያወቅሁት ከወረቀት ነው፤ ሕገ መንግሥቱንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ከወልድያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ጋሼ፣ አያቴ ሲያርፉ ከሣጥናቸው ውስጥ በ1961 ዓ.ም. የተጻፈ ማመልከቻ አገኘን። አናቱ ላይ ‹ለክቡር የወሎ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ› ይላል። እኔ እንደራሴ ሲባል የማውቀው የምክር ቤት አባልን ነው። አያቴ የጻፉት ለፓርላማ ነበር? ያ ሰው የዛሬውን ርእሰ መስተዳድር ማለት ነው?»

ልጄ፣ በመጀመሪያ ያን ወረቀት አትጣለው፤ እርጥበት ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጠው። አያትህ የጻፉት ለፓርላማ አይደለም። ቃሉን ከፍለህ አንብበው፦ እንደ ራሴ። ንጉሡ አንድን ሰው ወደ አገር ሲልክ «እሱን እንደ ራሴ እዩት፣ የተናገረው እኔ እንደተናገርሁት ይቆጠር» ማለቱ ነው። የወሎ ገዥነት ለረጅም ዘመን በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስም የተያዘ ስለነበር፣ ደሴ ተቀምጦ ሥራውን የሚያስኬደው እንደራሴው ነበር። እኔ ስቀጠር በገቢ መዝገቡ ላይ በብዛት የምጽፈው ስም ይኸው ነው፦ «ከእገሌ፣ ለእንደራሴው፣ ስለ ርስት ክርክር»።

ከዚያ በፊት የነበረው ገዥ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1934 ዓ.ም. በፊት አንድ የአገር ገዥ የራሱ ጦር፣ የራሱ ችሎት፣ የራሱ ግብር ሰብሳቢ ነበረው። ከሰበሰበው ላይ ለማዕከል የሚገባውን ይልካል፤ በቀረው ወታደሩን ያበላል፣ ግብር ያገባል፣ ቤቱን ያቆማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ አሠራር ነው። እኔ ይህን ተረት እንደ ስድብ ሲነገር ስሰማ ቅር ይለኛል፤ የደመወዝ ሰነድ ባልነበረበት ዘመን ሹመት ማለት መተዳደሪያ ማለት ነበር።

አንዳንዶቹ ከገዥም በላይ ነበሩ። የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። እኛም ዘንድ ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ። ራስ መኮንን ሐረርጌን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ሲገዙ፣ አገር ማስተዳደር ብቻ ሳይሆን የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን አገር ሄደዋል፣ ዐድዋም ዘምተዋል። ጅማ ላይ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ነቀምት ላይ ኩምሳ ሞረዳ ለምኒልክ በሰላም ስለገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸው ሳይነካ ቆየ። ከአዲስ አበባ የሚጠበቅባቸው ግብሩን በጊዜው መላክ ነበር። ስለ ራስን በራስ ማስተዳደር የሚጠይቀኝ ወጣት ሲያጋጥመኝ ወደ ጅማ ታሪክ የምመራው ለዚህ ነው። ነገሩ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተወለደ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ያበቃው በአንድ ቀን አይደለም፤ ግን 1924 ዓ.ም.ን ልብ በል። በዚያ ዓመት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ጅማም የተለየ አቋሟ ቀርቶ ከማዕከል በሚላክ ሹም ሥር ገባች። የቀረውን ያጠናቀቀው የ1934ቱ የአስተዳደር ድንጋጌ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም በጀመረበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፈለች፤ ኋላ ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ፣ ኤርትራም ተጨምራ 14 ሆኑ። ገዥው ደመወዝተኛ ሆነ። ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ሄደ፣ ጦሩ ተወሰደ፣ ገዥውም ተጠሪነቱ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሆነ። አያትህ የጻፉለት እንደራሴ እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ባለ ትልቅ ማዕረግና ባለ ትልቅ ግቢ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ተሹሞ የሚመጣ፣ ከላይ ሲጠራ የሚሄድ ሠራተኛ ነው። የወሎ ሕዝብ አልመረጠውም፣ ሊያወርደውም አይችልም። በ1965 እና 1966 ረኀቡ ሲገባ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት «ሕዝቡ እየተሰደደ ነው» የሚሉ ደብዳቤዎች ገቢ ሲሆኑ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። ከላይ የተሾመ ሰው ክፉ ወሬ ወደ ላይ መላክ ይፈራል፤ ወደ ታች ደግሞ የሚጠይቀው የለም። ያን ጊዜ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች እስከ ዛሬ በሕልሜ አያቸዋለሁ።

በደርግ ዘመን የወረቀታችን ራስጌ «የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት» ሆነ፤ ግርጌው ላይም «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ተጨመረ። ሹመቱ ግን አሁንም ከላይ ነው። በ1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲቋቋም የፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ ከአስተዳዳሪው በላይ ሆነ፤ እኛም አስቸኳይ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ወደየትኛው ቢሮ እንደሚገባ እናውቅ ነበር። በ1980 ደግሞ አገሪቱ 24 አስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዞች ሆነች። ወሎ ለሁለት ተከፈለች፤ የድሮው ራስጌ ያለበት ወረቀት ሳያልቅ አዲስ ታተመ። በ1984 አዋጅ ቁጥር 7 ወጥቶ 14 የሽግግር ዘመን ክልሎች ተቋቋሙ፤ እኛ «ክልል ሦስት» ተባልን፤ ማዕከሉ ባሕር ዳር ሆነ፤ እኔም ሻንጣዬን አንሥቼ ሄድኩ። ከዚያ ነው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመጣው።

የቃሉ ነገር ግን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። እንደራሴ የሚለውን ቃል ከገዥው ላይ አንሥተን ለመራጩ ወኪል ሰጠነው። ዛሬ «የሕዝብ እንደራሴ» ስንል፣ እንደ ራሴ እዩት የሚለው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ ሕዝቡ ሆኗል። ያንተም ግርታ የመጣው ከዚህ ነው። ርእሰ መስተዳድሩ የአያትህን እንደራሴ ወንበር ወርሷል፤ ሥልጣኑ የሚመነጨው ግን፣ ቢያንስ በሕጉ፣ ከሌላ ምንጭ ነው። ምንጩን የሚቀጥለው ጠያቂ ያነሣዋል።

ከደብረ ማርቆስ አንዲት መምህርት፦ «ምርጫ በተካሄደ ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ። በወረቀቱ ላይ የርእሰ መስተዳድሩ ስም አልነበረም። ታዲያ ማን መረጣቸው? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ።»

መምህርት ሆይ፣ ያን ቀን የተሰጠሽ ወረቀት ሁለት ነበር። አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት። የርእሰ መስተዳድሩ ጉዳይ ያለው በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ያንን ነው ሳያነብ አጥፎ የሚከተው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልል ምክር ቤት እንደሆነ ይናገራል። ተጠሪነቱም ለመረጠው ሕዝብ ነው። መስተዳድሩ ከፍተኛው አስፈጻሚ ነው፤ አስፈጻሚ ማለት ደግሞ የተወሰነውን የሚፈጽም ማለት ነው። በእኛ በአማራ ክልል ምክር ቤቱ 294 መቀመጫዎች አሉት። አባላቱ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ተመርጠው ሲሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው አንዱን ርእሰ መስተዳድር አድርገው ይሰይማሉ። ስለዚህ እሱም እንደሌሎቹ በአንድ የምርጫ ክልል ተወዳድሮ ያሸነፈ የምክር ቤት አባል መሆን አለበት። የቢሮ ኃላፊዎቹን እሱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ እሱ ፈርሞ በክልሉ ጋዜጣ ያሳውጃል፤ የእኛው ጋዜጣ ስሙ «ዝክረ ሕግ» ነው፣ የኦሮሚያው «መገለታ ኦሮሚያ» ይባላል። በጀቱንም የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

ለተማሪዎችሽ በአንድ ምሳሌ አስረጂያቸው። የክፍል አለቃ በሁለት መንገድ ሊመረጥ ይችላል። አንደኛው፣ ተማሪው ሁሉ በቀጥታ እጁን አውጥቶ ይመርጠዋል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተወካይ ይመርጥና ተወካዮቹ ተሰብስበው ከመካከላቸው አለቃውን ይሰይማሉ። የኛ ሁለተኛው ነው። በአሜሪካ የግዛት ገዥው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል፤ በሕንድ የክልል ዋና ሚኒስትር ግን እንደኛው የምክር ቤቱን አብላጫ ድምፅ የያዘው ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ በሁለተኛው መንገድ አለቃው ሲያጠፋ የሚያወርደው ማነው? መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ከአዳማ፦ «ፕሬዚዳንትና ርእሰ መስተዳድር ልዩነት አላቸው?»

በሥልጣን የላቸውም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የማዕረጉን ስም አልወሰነም፤ እያንዳንዱ ክልል በራሱ ሕገ መንግሥት ሰይሞታል። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት ይላሉ፣ እኛ ርእሰ መስተዳድር እንላለን። ልዩ የሆነው የሐረሪ አሠራር ነው። በዚያ ምክር ቤቱ 36 መቀመጫዎች አሉት፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። ለ14ቱ መቀመጫዎች ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ድምፅ ይሰጣሉ፤ ፕሬዚዳንቱን ለእጩነት የሚያቀርበውም ብሔራዊ ጉባኤው ነው። ትንሿ ክልላችን ከሁሉም የተወሳሰበ አሠራር ያላት መሆኗ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከንቲቦች ግን ርእሳነ መስተዳድር አይደሉም፤ ሁለቱ ከተሞች ክልል አይደሉምና።

ከሐዋሳ ስማቸው እንዳይገለጥ የጠየቁ አንባቢ፦ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድን የክልል መሪ ማውረድ ይችላሉ? እውነቱን ይንገሩን።»

በሕጉ አይችሉም። የክልል መሪን የሚሰይመውም የሚያወርደውም ምክር ቤቱ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ወደ ክልል ከሚገባባቸው በሮች ዋናው አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 9 ነው። አንድ ክልል ሕገ መንግሥቱን በመጣስ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፌዴራል መንግሥቱ ጣልቃ እንዲገባ ያዝዛል። አፈጻጸሙን የሚዘረዝረው አዋጅ ቁጥር 359/1995 ነው። ይህ በር በትግራይ ተከፍቷል፦ በጥቅምት 2013 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም ወሰነ፤ ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ሌላ ጊዜያዊ አስተዳደር ተቋቁሟል። የጊዜያዊ አስተዳደር ኃላፊ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ስለዚህ እሱ በትክክለኛው አነጋገር የአያቶቻችን ዓይነት እንደራሴ ነው።

እውነቱን ስላሉኝ ደግሞ ከሕጉ ወደ አሠራሩ ልሻገር። ክልሎች በአብዛኛው በአንድ ፓርቲ እጅ ሲሆኑ፣ መሪው ማን ይሁን የሚለው ከምክር ቤቱ ስብሰባ በፊት በፓርቲው ስብሰባ ያልቃል። ምክር ቤቱ እጅ ለማውጣት ይቀመጣል። ይህን የምለው በምሬት አይደለም፤ በኀዘን ነው። በአዋጅ የተጻፈ ሥልጣን ያለው ተመራጭ ሥልጣኑን ሳይጠቀምበት አምስት ዓመቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቻለሁ። ሁለተኛው ገመድ ደግሞ ገንዘብ ነው። ክልሎች የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ በጀት የሚሞላው ከፌዴራል በሚሰጠው ድጎማ ነው፤ የድጎማውን ቀመር የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ገንዘብ የሚጠባበቅ መሪ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

እርስዎ የሚኖሩበት ሐዋሳ ግን ሌላም ነገር አሳይታናለች። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ ክልል ሆነ። ከዚያ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከተሉ። ዘጠኝ የነበሩት ክልሎች 12 ሆኑ፤ የድሮው ደቡብ ክልል ቀረ። በደቡብ ምዕራብ ርእሰ መስተዳድሩ ቦንጋ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ የመንግሥት ተቋማት ግን ወደ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ ተከፋፍለዋል። ሕዝቡ የመሪው ወንበር የት እንዲቆም መከራከር መቻሉን ቀላል አድርጌ አላየውም። እኔ ሥራ ስጀምር ወንበሩ የት እንደሚቆም የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከሰሜን ሸዋ የ68 ዓመት እናት፣ በልጅ ልጃቸው አጻጻፍ፦ «ወንድሜ፣ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጎረቤቴ የእርሻዬን ድንበር ገፋ። ከስሼ ፍርድ ቤት ፈረደልኝ። ሆኖም መሬቱን የሚያስረክበኝ ጠፋ፤ አንዱ ነገ ነይ ይላል፣ ሌላው ስብሰባ ላይ ነን ይላል። ለርእሰ መስተዳድሩ ከጻፍኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ መልስ የለም። እሳቸው ካልሰሙኝ ማን ይሰማኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ፦ እርስዎ የያዙት ከርእሰ መስተዳድሩ ቃል የሚበልጥ ነገር ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘዋል። ርእሰ መስተዳድሩ ፍርዱን ሊሽረው አይችልም፣ ሊያሻሽለው አይችልም፣ እንደገና ሊያየውም አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞችን ከማንም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነጻ ያደርጋቸዋል። ሰባት ወር የጠበቁት ያለዎትን ነገር እንዲሰጥዎ ነው።

የቀረዎት አፈጻጸም ነው። ውሳኔውን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ይመለሱና የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። ፍርዱ ራሱ ወደ ቀበሌ አይሄድም፤ በዚህ መዝገብ ላይ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ መውጣት አለበት። ዳኛው ድንበሩን ለክቶ የሚያስረክብ ሰው ያዛል፤ ፖሊስ ካስፈለገም ያዛል። የውሳኔውን ግልባጭ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ሆኖ ይውሰዱ፤ የይዞታ ደብተርዎንም አይርሱ። እንደዚህ ያሉ ጉዳዮች ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው መዝገብ ሳያስከፍት ከቢሮ ቢሮ በመመላለስ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ በእጄ ካለፉት አቤቱታዎች መካከል ይህን የመሰለ ስንቱን አይቻለሁ። ገበሬው ስንቅ ቋጥሮ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ይመጣል፤ እኔም «ይህ የዚህ ቢሮ ጉዳይ አይደለም» የሚል ማስታወሻ የተጻፈበትን ወረቀት መልሼ እሰጠዋለሁ።

ትእዛዙ ወጥቶ የአስተዳደር ሰዎች ወይም ፖሊስ አልፈጽምም ካሉ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ በእውነት የርእሰ መስተዳድሩ ይሆናል፤ የክልሉ አስተዳደርም ፖሊስም በእሱ ሥር ናቸውና። አዲሱ ደብዳቤዎ «መሬቴን አስመልሱልኝ» አይበል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ መዝገብ ቁጥር የተሰጠው ትእዛዝ አልተፈጸመም» ይበል፤ የትእዛዙም ቅጂ አብሮ ይያያዝ። ግልባጩን እርስዎ የሚኖሩበትን የምርጫ ክልል ለሚወክለው የክልል ምክር ቤት አባል ይላኩ። ስሙን የማያውቁት ከሆነ የልጅ ልጅዎ ከወረዳው ይጠይቅልዎ። እሱ እንደራሴዎ ነው፤ ርእሰ መስተዳድሩን በስብሰባ ላይ ቆሞ የመጠየቅ መብት አለው፣ እርስዎ ግን ባሕር ዳር ድረስ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ለኢትዮጵያ ዕንባ ጠባቂ ተቋምም አንድ ቅጂ መላክ ይችላሉ፤ የአስተዳደር በደልን ይመረምራል።

ደብዳቤውን በአራት ቅጂ ያስጽፉት፤ አንዱ እርስዎ ዘንድ ይቀራል። ሲያስገቡ መዝገብ ቤት ያለው ልጅ «ይደርሳል፣ ይሂዱ» ቢልዎ አይስሙት። በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፎ ማኅተም እስኪመታልዎ ድረስ ከመስኮቱ ፊት አይነሡ።